ጠገራ ብርና የብር ጥሪት

ከጎጃም ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ በሰላሌ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ነጋዴ፣ የእንጦጦን ዳገት ጨርሶ ቍልቍለቱን በወረደ ጊዜ አስቀድሞ የሚያገኘው የከተማ ሰፈር ጉለሌ ነው። ሰፈሩ ስሙን የወረሰው ከተማው ሳይቈረቈር በዚያ ይኖሩ ከነበሩት ከጉለሌ ኦሮሞዎች ነው፤ ኋላም ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ሠፈሩበትና ሽሮ ሜዳ የሸማ ገበያ ሆነ። በዚህ መንገድ ቅቤውም ማሩም፣ ቆዳውም ሸማውም ተሽጦ የሚገኘው ገንዘብ፣ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን አስቀድሞ ጀምሮ እስከ ጠላት ወረራ ድረስ፣ የአንዲት የባዕድ አገር ንግሥት መልክ የተቀረጸበት ብር ነበረ። ሕዝቡም ጠገራ ብር ይለዋል።

ሻጭ ይህን ብር ተቀብሎ ወዲያው ወደ ከረጢቱ አይከተውም። በድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ያዳምጣል፤ የጠራው ብር ድምፁ ረዥም ሲሆን እርሳስ የተቀላቀለበት ግን ዱብ ብሎ ይቀራል። ቀጥሎም ወደ ብርሃን አዙሮ የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ ያያል፤ በጌጡ ዙሪያ ያለውን ዕንቍ በጣቱ ይቈጥራል። ዕንቍው የተፋቀ፣ ወይም ለአንገት ጌጥ ተብሎ የተበሳ ቢሆን፣ «ይህስ አይሄድም» ብሎ ይመልሰዋል። በዚህ ምክንያት ከአንድ ብር ላይ ጥቂት ቅንጣት ስለ ጐደለ ብቻ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ባላገር እህሉን ሳይሸጥ ወይም ጨውን ሳይገዛ የተመለሰበት ቀን ብዙ ነው።

«ብር» የሚለው ቃል ከግእዙ «ብሩር» የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም ማዕድኑ ነው። በአማርኛ ግን ማዕድኑም ገንዘቡም በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ዛሬ በወረቀት የታተመው እንኳ ይህንኑ ስም ይዞ ይኖራል። ቅኔ የተማረ ሰው በዚህ ቃል ላይ ሰሙንና ወርቁን ለመለየት አይቸገርም፤ ገበያተኛው ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለ ኖረ፣ ብሩ ወረቀት በሆነ ጊዜ ግራ ገባው። አብርሃም ለሣራ መቃብር የሚሆነውን ዋሻ ሲገዛ 400 ሰቅል ብር በሚዛን መዝኖ መክፈሉ በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፏል። ያን ጊዜ መታመኛው ሚዛኑ ነበረ እንጂ መልክና ጽሕፈት አልነበረም። ገንዘብ የሚባለውም ነገር በኋላ ዘመን ነገሥታት መልካቸውን ቀርጸው፣ ሚዛኑን እኛ ስለ መዘንን እናንተ ቍጠሩት ብለው ያቀረቡት ማዕድን ነው።

ንግሥቲቱ የነምሳ ማለት የአውስትርያ ገዢ ማርያ ትሬዛ ናት። የሞተችው በአውሮፓ አቈጣጠር በኅዳር 1780 ነው። በአገሯ ልማድ ገዢ ሲሞት ገንዘቡ በወራሹ መልክ ይታተማል፤ ነገር ግን በምሥራቅ በኩል፣ በዐረብና በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከዚያም በአበሻ አገር ያሉ ነጋዴዎች ከእርሷ መልክ በቀር ሌላውን አልቀበልም ስላሉ፣ ያው መልክና ያው ዓመት ሳይለወጥ መታተሙ ቀጠለ። ስለዚህ 1780 የሚል ጽሕፈት ያለበት ሁሉ በ1780 የታተመ አይደለም። በቪየና፣ በፕራግ፣ በሚላኖና በቬኔስያ ታትሟል፤ ከዚያ በኋላም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1930ዎቹ በሮማ፣ በሎንዶን፣ በፓሪስና በብሩክሴል ታትሟል፤ በ1940ና በ1941 ደግሞ እስከ ቦምቤይ ድረስ ሄዷል። ሁሉም ዓመቱ አንድ ነው፤ ሁሉም 1780 ይላል። የዕድሜውን ልዩነት የሚያውቁት የዕንቍውን አቀማመጥና የባለ ሁለት ራሱን ንስር የጅራት ላባ በማጕያ መነጽር የሚመረምሩ ሰብሳቢዎች ብቻ ናቸው።

ሚዛኑ 28 ግራም ከጥቂት ነው፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። ንጹሑ ብር ብቻውን ቢመዘን 23 ግራም ከ4 ዐሥረኛ ያህል ይሆናል። ይህ መጠን ከመቶ ዓመት በላይ ስላልተለወጠ፣ በአገራችን ገንዘብነቱ ቀርቶ ራሱ ሚዛን ሆነ፤ ወርቅ የሚመዘንበት ወቄት የአንድ ጠገራ ብር ክብደት ነበረና። አንጥረኛ በአንዱ የሚዛን ሳሕን ወርቁን፣ በሌላው ብሩን ያኖራል።

ከዚህ አስቀድሞ በገበያ የሚሠራበት አሞሌ ነበረ። አሞሌ ከአፋር በረሃ ተቈርጦ በግመልና በበቅሎ ሲጓዝ፣ ከተቈረጠበት በራቀ ቍጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ዝናም ቢያገኘው ይሟሟል፤ ቤት ውስጥም ቢቀመጥ ከብቱ ይልሰዋል። ሸማም በገንዘብነት ሠርቷል፤ እርሱንም ብል ይበላዋል። ብር ግን ዝናም አያሟሟውም፣ ነቀዝ አይበላውም፣ ቤት ቢቃጠል እንኳ ከዐመዱ ውስጥ ቀልጦ ይገኛል። ባላገሩ ብሩን በእንስራ አድርጎ በምድጃ ሥር ወይም በጐተራ ጥግ የሚቀብረው በስስት ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ ወታደር በየቤቱ በሚመራበት ዘመን የኖረ ሰው ከዚህ የተሻለ ግምጃ ቤት ከወዴት ያገኝ ኖሯል?

የውጭ መንግሥታትም ይህን ብር በሌላ ለመተካት ደክመዋል። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምቱ፣ የራሳቸው ወርቅ በመንገድ ላይ እህል እንደማይገዛላቸው አስቀድመው ስላወቁ፣ የቪየና ማተሚያ ጠገራ ብር እንዲያትምላቸው አደረጉ። ኢጣልያኖች ግን ኤርትራን ከያዙ በኋላ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1890፣ በ1891ና በ1896 የንጉሣቸው የኡምቤርቶ መልክ ያለበት ብር አወጡ፤ ሕዝቡ እምቢ አለ። በ1918 ደግሞ ማርያ ትሬዛን በምትመስል ሴት መልክ ሌላ ብር አሳተሙ፤ ጥራቱም ከጠገራው የማያንስ ነበረ። እርሱም አልሄደም። መልኳ የተመሳሰለው ሴት ይልቁን ጥርጣሬን ጨመረች፤ ሐሰተኛ ብር አይቶ የሚያውቅ ገበያተኛ፣ መምሰል ለእርሱ ማስረጃ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነውና።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የዳግማዊ ምኒልክ ብር ነገር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለነጻ መንግሥት የራሱ ገንዘብ እንደሚገባው ዐስበው በ1885 ዓ.ም. በዐዋጅ ካስታወቁ በኋላ፣ ብሩ በፓሪስ ታትሞ መጣ። በአንድ ወገን የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሌላው ወገን ዘውድ የደፋ አንበሳ አለበት፤ ዓመቱም 1887 ተብሎ ተጽፏል። ሚዛኑ ከጠገራው እኩል፣ ጥራቱም ከ1000 እጅ 835 ስለ ሆነ፣ በንጹሕ ብሩ መጠን ከጠገራው በጥቂት ይበልጣል እንጂ አያንስም። አላዱና ሩቡ፣ መሐለቁም አብረው ወጡ። ይህን ብር በሚዛን ቢመዝኑት እምቢ የሚያሰኝ ምክንያት አይገኝበትም። ዳሩ ግን ከቤተ መንግሥቱ በራቁት አገሮች ሁሉ፣ ይልቁንም በሰሜን፣ ገበያተኛው ጠገራውን አምጣ ይል ነበረ። ምክንያቱም ስንፍና አይደለም። ከዚያ ነጋዴ ላይ ቆዳና ቡና የሚገዛው ሰው ወደ ባሕር ዳር ወርዶ ከዐረብና ከህንድ ነጋዴ ጋር ይገበያያል፤ ያም ነጋዴ የሚያውቀው ጠገራውን ብቻ ነው። ሰው ብርን የሚቀበለው እርሱ ራሱ ስለ ወደደው ሳይሆን፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው እንደሚቀበልለት ስለ አመነ ነው። ንጉሥ የራሱን ሕዝብ በዐዋጅ ሊያዝዝ ይችል ይሆናል፤ የኤደንን ነጋዴ ግን በምን ያዝዘዋል? ንጉሠ ነገሥቱ ያሰቡት ነገር የተፈጸመው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው፤ ይህም ሲሆን ገንዘቡ በወረቀት መጣ።

በየካቲት 1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ በአዲስ አበባ ተከፈተ። ወረቀት ገንዘብም አውጥቶ ነበረ፤ ነገር ግን ከነጋዴዎችና ከውጭ ሰዎች በቀር ጥቂት ሰው ነው የያዘው። በ1923 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያን ባንክ በኢትዮጵያ ባንክ ተክተው፣ በ1924 ዓ.ም. አዲስ ወረቀት እንዲወጣ አደረጉ፤ በወረቀቱም ላይ ቢሆን ዋጋው የሚቈጠረው በብር ነበረ።

በነዚሁ ዓመታት ብር ብቻውን የሚታመን ሀብት ነው ለሚሉት መልስ የሚሆን ነገር ሆነ። በዓለም ገበያ የማዕድኑ ዋጋ እየወረደ ሄዶ፣ በ1925 ዓ.ም. መጀመሪያ አንዱ አውንስ ወደ 25 የአሜሪካ ሳንቲም ደረሰ። ጠገራ ብር ውስጥ ያለው ንጹሕ ማዕድን የአውንስ ሦስት አራተኛ ስለ ሆነ፣ ብሩ በማዕድንነቱ ከ20 ሳንቲም በታች ዋጋ ብቻ ቀረው ማለት ነው። በጐተራ ጥግ ሺሕ ብር የቀበረ ባለጸጋ፣ ቈፍሮ ቢቈጥረው ሺሑ አልጐደለም፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሊገዛበት ሲወጣ ግን ሀብቱ ተቀንሷል። በሰኔ 1926 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ብር እየገዛ እንዲያከማች በሕግ ወሰነ፤ በሚያዝያ 1927 ዓ.ም. አንዱ አውንስ 81 ሳንቲም ደረሰ። አሁን ደግሞ ብሩ በገንዘብነቱ ከሚገባው በማዕድንነቱ የሚገባው በለጠና፣ ነጋዴ እየሰበሰበ በስውር ወደ ውጭ ያወጣው ጀመር። ገበያው ብር አጣ። ይህ ሁሉ የሆነው ጦርነት በደጅ በቆመበት ዓመት ነው።

ጠላት አዲስ አበባን በ1928 ዓ.ም. ከያዘ በኋላ ሊሬን ብቸኛ ገንዘብ ለማድረግ ዐወጀ፤ ለጠገራውም ያወጣው ምንዛሪ ከማዕድኑ ዋጋ ያነሰ ነበረ። ሕዝቡ ብሩን ቀበረ፤ እህል ወደ ገበያ መውጣቱም ቀነሰ። ሙሶሊኒ የንግሥቲቱን ማኅተም ከቪየና አስቀድሞ አስመጥቶ ስለ ነበረ፣ እስከ 1931 ዓ.ም. በሮማ ጠገራ ብር ያሳትም ነበረ። አገሩን በሊሬ እገዛለሁ ያለው ገዢ፣ ለባላገሩ እንቍላል የሚከፍለው በማርያ ትሬዛ መሆኑ ጊዜው ያመጣው ቀልድ ነው። እንግሊዞችም በበኩላቸው በቦምቤይ ወደ 19 ሚሊዮን የሚጠጋ አሳተሙ፤ ግርማዊነታቸው በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ሲገቡ ተከትሏቸው የመጣው ግመል ከጥይቱ ጋር ይህን ብር ተሸክሞ ነበረ። በሚያዝያ 27 ቀን በእንጦጦ በኩል ወደ ከተማቸው ወረዱ። ከዚያ ቀን በኋላ በእጁ ሊሬ የቀረው ሰው ወረቀት ብቻ ቀረው፤ በምድጃው ሥር ጠገራ የነበረው ሰው ግን ጥጃውንም በሬውንም መግዛት ቻለ። በጉለሌም ሆነ በሌላው ሰፈር፣ ለልጆቻቸው «ወረቀት አትመኑ» ብለው የተናዘዙ አባቶች ይህን አይተው ነው።

የዛሬው የኢትዮጵያ ብር የተወለደው በሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። መንግሥት ሕዝቡ ከብር ጋር ያለውን ፍቅር ስላወቀ፣ ከወረቀቱ ጋር የ50 ሳንቲሙን ቍራሽ በእውነተኛ ብር አሳትሞ አወጣ፤ ሚዛኑ 7 ግራም፣ ጥራቱ ከ1000 እጅ 800 ነበረ። ማዕድኑም የተገኘው ከአሜሪካ ነው። ፍቅሩ ግን ለገንዘቡ አልበጀውም፤ ሕዝቡ ወረቀቱን እየሰጠ ሳንቲሙን እየሰበሰበ አስቀመጠው፣ አንጥረኛውም አቀለጠው። ጥቂት ዓመት ቈይቶ ጥራቱ ወደ 700 እጅ ዝቅ አለ። ክፉው ገንዘብ መልካሙን ከገበያ ያሳድደዋል የሚባለው ሕግ በመጽሐፍ ሳይነገረው በየሰዉ ቤት ተፈጸመ። ጠገራውም ሕጋዊ ገንዘብነቱ ከቀረ በኋላ በባላገር ብዙ ዘመን ሲሠራበት ኖረ።

ከቀሩት ብሮች ብዙዎቹ ያሉበት ስፍራ ግን እንስራ አይደለም። በየሴቱ አንገት፣ በየካህኑ እጅ ነው። አንጥረኛ የእጅ መስቀል ወይም የአንገት መስቀል ሲሠራ ብሩን ከዚህ በቀር ከሌላ ስፍራ ብዙም አያገኝም ነበረና፣ የንግሥቲቱ መልክ በመዶሻ ተደቍሶ የመስቀል ክንፍ ሆኗል። ለዚህ የዋለውን ብር እንደ ጠፋ ሀብት የሚቈጥር ሰው አይገኝም። እናት ለልጇ በሰርግ ቀን የምታስርላትም ጌጥ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ባሏ ቢከፋባት ወይም ቢሞት ይዛው የምትወጣው፣ በሕግም በልማድም የእርሷ የሆነ ጥሪት ነበረ። የድኻ ሰው ግምጃ ቤት ይህ ነው።

በዚህ ዘመንም ይህ ጥያቄ እንደ ገና ተነሥቷል። በ1969 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ያለበት ወረቀት ተለወጠ፤ በመስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50ና የ100 ብሩ ወረቀት ተለውጦ ባለ 200 ተጨመረ፣ የአሮጌውም መለወጫ ጊዜ በሦስት ወር ተወሰነ። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተፈቀደ ጊዜ፣ 57 ብር ያህል የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ማዕድኑ በዓለም ገበያ ብዙ ሳይነቃነቅ፣ በአገር ገንዘብ የተቈጠረ ዋጋው ወደ እጥፍ ተጠጋ። ወርቅ ለመግዛት ዐቅሙ የማይፈቅድለት የደመወዝ ሰው፣ አሮጌ ብር በየወሩ አንድ አንድ እየገዛሁ ባስቀምጥስ ብሎ ቢያስብ አይነቀፍም።

ሒሳቡ ግን በምኞት አይሠራም። በዓለም ገበያ የአውንሱ ዋጋ በታወቀ ጊዜ በሦስት አባዝቶ ለአራት ማካፈል የጠገራውን የማዕድን ዋጋ ይሰጣል፤ የምኒልክ ብርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የ50 ሳንቲሙ አሮጌ ብር አራት ቢሰበሰብ ከአንድ ጠገራ በጥቂት ያንሳል፤ ይህም ስለ መጀመሪያው ባለ 800 እጅ ነው፣ ኋለኛው ግን ከዚህም ይቀንሳል። ከዚህ ዋጋ በላይ የሚከፈለው ሁሉ ለማዕድኑ ሳይሆን ለሻጩ ትርፍ ወይም ለጥንታዊነቱ የሚከፈል ነው። ሻጭ «በ1780 የታተመ» ብሎ ቢያስወድድ፣ ያ ዓመት ሎንዶንም ቦምቤይም በታተመው ላይ እንዳለ ገዢው ያስታውስ፤ የኦስትርያ ማተሚያ እስከ ዛሬም በዚያው ዓመት ያትመዋል። ለማዕድን ሲል ለሚገዛ ሰው አዲሱና አሮጌው አንድ ነው። ሐሰተኛውን ለመለየት የአባቶች ድንጋይና ጆሮ ዛሬም ይረዳል፤ ትንሽ ሚዛን ይዞ 28 ግራም መሙላቱን ማየት፣ ማግኔት ማስጠጋት፣ በጠርዙም ላይ ፍትሕና ምሕረት የሚለው የላቲን ጽሕፈት ጥርት ብሎ መውጣቱን ማየት ይገባል። በቅርጽ አፍስሰው የሚሠሩት ሐሰተኞች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በጠርዙ ላይ ነው።

ሌላም አለ። በጥር 1972 ዓ.ም. አንዱ አውንስ ብር ወደ 50 ዶላር ደርሶ ነበረ፤ በመጋቢት ከዐሥራ አንድ ዶላር ገደማ ወረደ፤ በ1985 ዓ.ም. ከ4 ዶላር በታች ነበረ። ያን ጊዜ ዶላሩ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበረና፣ በዚያ በጥር ወር የገዛ ሰው ለአንዱ አውንስ ከ100 ብር በላይ ከፍሏል። በ1985 ዓ.ም. ዶላሩ በመንግሥት ውሳኔ 5 ብር ሆነ፤ እንዲህም ሆኖ ያ አውንስ 20 ብር አይሞላም ነበረ። የአገሩ ገንዘብ ከግማሽ በላይ ዋጋውን ባጣበት ዘመን ብሩ ከወረቀቱ አብልጦ ወደቀ። «ብር አይከዳም» ብሎ የሚምል ሰው የ1933ቱን ዓመት ያስታውሳል፤ ይህን ግን ማንም አያወሳለትም። ብር አይወልድም፤ ለመንታ ላም የዋለ ገንዘብ ጥጃ ይሰጣል፣ በምድጃ ሥር ያለው ግን ሃምሳ ዓመት ቈይቶ ያው አንድ ነው። ለክፉ ቀን የሚቀመጠው ጥሪት ሌላ ነው፤ ከዚያ የተረፈውን ሁሉ እየቀበሩ ሀብታም ለመሆን መጠበቅ ግን ሌላ ነው። ለልጅ ትምህርት ወይም ለሕክምና በቅርብ የሚያስፈልገውን ገንዘብ በብር ያሰረ ሰው፣ ሊሸጠው በቸኰለበት ቀን አንጥረኛው የማቅለጫውን ቀንሶ የሚሰጠውን ከመቀበል በቀር ምርጫ የለውም።

በዚህ ሁሉ መካከል በቸልታ የሚጠፋው የምኒልኩ ብር ነው። ጠገራው በዓለም ላይ በብዙ ሚሊዮን አለ፤ ቢቀልጥም ሌላ ይታተማል። የምኒልክ ብር፣ አላዱና ሩቡ ግን ከእንግዲህ የሚታተም አይደለም፤ ሰብሳቢም ከማዕድኑ ዋጋ አብዝቶ ይከፍልበታል። በአንዱ ዓመት የታተመው አንበሳ ግራ እግሩን፣ በሌላው ዓመት የታተመው ቀኝ እግሩን አንሥቶ ስለሚታይ፣ ይህን የሚያውቅ ሰው በዋጋው ይለያየዋል። አያቱ የተወችለትን ብር ይዞ ወደ ፒያሳ የወረደ የጉለሌ ልጅ፣ በሚዛን ላይ ከማኖሩ አስቀድሞ መልኩን ቢያገላብጥ ይበጀው ነበረ። አንጥረኛው የሚጠይቀው ክብደቱን ብቻ ነው፤ ማቅለጫውም ውስጥ ከገባ በኋላ ግራና ቀኝ የለም።